አንድ አፍ፣ ሁለት ደዌ፤ በብራዚል የቡናና የባቡር ሐዲድ ዘመን ስለ ጥገኛ ተሐዋስያንና ስለ ፈንገስ ሕመሞች ታሪክ

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ለእያንዳንዱ በሽታ የየራሱን ምዕራፍ መድበው መጻፍ ልማዳቸው ነው። ወባ የራሱ ምዕራፍ አለው፤ ፈንጣጣ የራሱ አለው፤ የሥጋ ደዌም እንዲሁ። ይህ አጻጻፍ ለአንባቢ የሚመች ቢሆንም፣ ታማሚው በገላው የሚያውቀውን እውነት ግን ይሸፍናል። በሽታዎች እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ ተራቸውን እየጠበቁ አይመጡም። ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ሰው ላይ ይሰፍራሉ፤ አንዱ የሌላውን መልክ ተውሶም የሐኪሙን ዓይን ያታልላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህ ዓይነቱን አንድ ታሪክ ነው። ቦታው በይበልጥ የብራዚሉ የሳን ፓውሎ ግዛት ሲሆን፣ ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው አጋማሽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንሻለን።

ሁለቱ በሽታዎች በዘር ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሊሽማንያ የሚባለው ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያመጣው ነው፤ ይህን ተሐዋሲ ከአውሬ ወደ ሰው የምታሻግረው ከትንኝ የምታንስ፣ ሲመሽ የምትናከስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ሁለተኛው ፓራኮክሲዲዮይድስ በተባለ፣ በአፈር ውስጥ በሚኖር ፈንገስ የሚመጣ ነው። አንዱ በቆዳ በኩል፣ ሌላው በትንፋሽ ይገባል። ሆኖም ዓመታት ቆይተው ሁለቱም ወደ አንድ ስፍራ ይወጣሉ፤ ወደ አፍንጫና ከንፈር፣ ወደ ድድና ላንቃ፣ ወደ ጉሮሮና ማንቁርት። መብላትና መናገር የሚቻልበትን የሰውነት ክፍል ይይዛሉ። ታማሚው ጉርሻ መዋጥ ሲያቅተው፣ ድምፁ ሲሰልልና ሲጠፋ፣ ፊቱ ሲፈርስ ጎረቤት ይሸሸዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደያዘው የሚነግረው ሰው ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ አልነበረም።

ደዌው ከስሙ በፊት የኖረ ለመሆኑ ማስረጃው የጥንት ሸክላ ነው። በሰሜናዊው የፔሩ ጠረፍ ከአውሮፓውያን መምጣት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የኖሩት የሞቼ ሕዝቦች የሰው ፊት የሚመስሉ ማሰሮዎችን ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ አፍንጫቸው የተበላ፣ የላይ ከንፈራቸው ያለቀ ፊቶች ይገኛሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በበርሊን የተሰበሰቡ ሊቃውንት «ይህ ሥጋ ደዌ ነው፣ አይደለም» እያሉ በነዚሁ ሸክላዎች ላይ ብዙ ተከራክረዋል፤ በቅጣት የተቆረጠ ነው ያሉም አሉ። ዛሬ ብዙዎች ከሊሽማንያ ጋር ያያይዙታል። ሸክላ የምርመራ ውጤት ሊሆን ስለማይችል እኛ በዚህ ላይ የመጨረሻ ቃል አንሰጥም። ከሸክላው ይልቅ የሚያስተማምነው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የድል አድራጊዎቹ ወገን የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፒሳሮ የተወው ምስክርነት ነው፤ ከአንዲስ ተራሮች በስተምሥራቅ ወዳለው ሞቃት ቆላ ለኮካ እርሻ የሚወርዱ ሕንዳውያን አፍንጫንና ከንፈርን በሚያጠፋ ደዌ እንደሚያዙ ጽፎአል። ደገኛ ለሥራ ቆላ ወርዶ የማያውቀውን በሽታ ይዞ መመለሱ እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ይታያል። ይህንኑ ነገር በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ደግመን ስለምናገኘው አንባቢ በልቡ ያኑርልን።

ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1888 ነው። የሳን ፓውሎ የቡና ባለርስቶች በባሮቹ ምትክ ከአውሮፓ፣ ከሁሉ በላይም ከኢጣልያ፣ ድሆች ገበሬዎችን በመቶ ሺሕ እየቆጠሩ አስመጡ። የመርከብ ዋጋቸውን መንግሥት ይከፍልላቸው ነበር። የኑሮው ሁኔታ እጅግ የከፋ ከመሆኑ የተነሣ የኢጣልያ መንግሥት በ1902 ይህን በነጻ የማጓጓዝ አሠራር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሶአል። ከነዚህ ስደተኞች አንዳንዶቹ ታመው አገራቸው ተመለሱ። በፓዶቫ ከተማ የቆዳ ሐኪም የነበሩት አኪሌ ብሬዳ በ1895 ከሳን ፓውሎ በተመለሱ ኢጣልያውያን ላይ በአፍንጫ፣ በአፍና በጉሮሮ የሚወጣ የእንጆሪ ፍሬ የመሰለ ቁስል አይተው ጻፉ። በሽታውንም ፍራምቤዢያ ከሚባለው የቆላ ቁስል የተለየ የብራዚል ዓይነት አድርገው ቈጠሩት። ፍራምቤዢያ የሚለው ቃል ራሱ ከእንጆሪ የተወሰደ ነው፤ ስያሜው የቁስሉን መልክ እንጂ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ስለዚህም የዚህ በሽታ የመጀመሪያው የአውሮፓ መግለጫ የተጻፈው ደዌው ከሚኖርበት ምድር እጅግ ርቆ፣ በተመላሽ ስደተኛ ገላ ላይ ነው። ሐኪሙ ያላየውን አገር ደን በታማሚው አፍ ውስጥ ለማንበብ ተገደደ።

ነገሩ የአደባባይ ጉዳይ የሆነው ግን በባቡር ምክንያት ነው። በ1905 ከባውሩ ከተማ ተነሥቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ማቶ ግሮሶ የሚዘልቅ ሐዲድ መሠራት ተጀመረ። ኖሮኤስቴ የተባለው ይህ መስመር የሚያልፈው ካይንጋንግ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ነበር። መሬቱ የነርሱ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ባለሐዲዶቹ በጠመንጃ እየገደሉ ገፏቸው። ዛፍ ቆራጮቹና ሐዲድ ዘርጊዎቹም በበኩላቸው በወባ ያልቁ ጀመር። ከወባው ጋር ደግሞ በእግርና በክንድ ላይ የሚወጣ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መካከሉ የጐደጐደ፣ በወራት የማይድን ቁስል መጣባቸው። ሕዝቡ «የባውሩ ቁስል» አለው። ከተማይቱ በገዛ ስሟ በሽታ ተጠርቶባት የኖረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁስሉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ይደርቅና ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ሠራተኛውም ዳንኩ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከታመሙት መካከል ጥቂቶቹ ግን ከአንድ፣ ከአምስት፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት በኋላ አፍንጫቸው ይደፈናል፣ ይደማል፣ ቅርፊት ይሠራል። ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ይበሳል፤ የአፍንጫው ጫፍ ይወድቃል፤ ቁስሉ ወደ ላንቃና ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ሰውዬው ያን ጊዜ ምናልባት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የአፍንጫውን ሕመም ከድሮው የእግር ጠባሳ ጋር የሚያያይዝለት ሰው የለም። ቂጥኝ ነው ተብሎ ሜርኩሪ የተሰጠው፣ ሥጋ ደዌ ነው ተብሎ የተገለለ፣ ነቀርሳ ነው የተባለም ነበር።

በዚህ ግራ መጋባት መካከል ነው እንግዲህ በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለቱም በሽታዎች ማንነታቸው የታወቀው። በ1908 አዶልፎ ሉትዝ በሳን ፓውሎ በአፋቸው ውስጥ ቁስል የነበረባቸውንና የአንገታቸው እጢ ያበጠባቸውን ሁለት ሰዎች መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ሉትዝ ከስዊስ ወላጆች በሪዮ ዴ ዣኔይሮ የተወለዱ፣ የሳን ፓውሎን የባክቴሪያ ምርምር ተቋም ከ1893 ጀምረው የመሩ ሰው ናቸው። በቁስሉ ውስጥ ያገኙት ባክቴሪያ አልነበረም፤ ክብ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ እንደ እርሾ እያቈጠቈጠ የሚራባ ፈንገስ ነበር። በ1892 አርጀንቲናዊው አሌሃንድሮ ፖሳዳስ ካገኘው ኮክሲዲዮይድስ ከሚባለው ፍጥረት ጋር እንዳይምታታ ሲሉም ሕመሙን ከዚያኛው የለየ «አስመሳይ» የሚል ስም ሰጡት። ፈንገሱን በቤተ ሙከራ አራቡ፤ በእንስሳም ላይ ሞከሩት። ዛሬ ያ ጽሑፍ የአዲስ በሽታ ልደት ሆኖ ሲቈጠር፣ በጊዜው ግን ከሁለት እንግዳ ታማሚዎች ወሬ አልፎ ብዙ ሰው ያስተዋለው አይመስልም።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1909፣ አዶልፎ ሊንደንበርግ በአንድ ወገን፣ አንቶንዮ ካሪኒና ኡሊሴስ ፓራንዮስ በሌላ ወገን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ፣ በባውሩ ቁስል ውስጥ ሊሽማንያን አገኙ። ቁስሉ በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ ከታወቀው የቆዳ ቁስል ጋር ዘመዳሞች መሆናቸው ታወቀ። የቀረው የአፍና የጉሮሮው ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩን ከሁሉ ይልቅ የሚያደምቅልን አልፎንሶ ስፕሌንዶሬ ነው። ስፕሌንዶሬ በደቡብ ኢጣልያ በካላብሪያ ተወልዶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜ ወደ ብራዚል የተሰደደ ሐኪም ሲሆን፣ በሳን ፓውሎ በፖርቱጋላውያን የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1911 የእንጆሪ መልክ ያለውን የአፍና የአፍንጫ ቁስል ሁሉ ባንድነት አስቀምጦ፣ በአጉሊ መነጽር እየመረመረ ይለያየው ጀመር። በአንዳንዱ ላንቃ ላይ ሊሽማንያን አገኘ፤ በሌላው ላይ የሉትዝን ፈንገስ አገኘ። ብሬዳ ከፓዶቫ ሆነው በሩቅ ያዩት አንድ የእንጆሪ ቁስል በአንዱ የአገራቸው ልጅ እጅ ወደ ሁለትና ሦስት ተከፈለ። ሰው ስደተኛ ሆኖ፣ የስደተኞችን ሕመም እያከመ ይህን ማድረጉ እኛን ልዩ ደስታ ቢሰጠን አንባቢ አይፍረድብን።

በዚሁ በ1911 የፔሩ ሐኪም ኤድሙንዶ ኤስኮሜል በአሬኪፓ ከተማ ሆኖ ኤስፑንዲያ የሚባለውን የአገሩን ደዌ ሲገልጽ፣ በታማሚዎቹ ላንቃ ላይ ጥልቅ የሆኑ ስንጥቆች ተሻግረው የመስቀል ቅርጽ እንደሚሠሩ አስተዋለ። ይህ ምልክት እስካሁን በእርሱ ስም ይጠራል።

በሪዮው የማንጊኞስ ተቋም ደግሞ ጋስፓር ቪያና የተባለ፣ በ1885 በቤሌም የተወለደ ወጣት ነበር። የብራዚልን ሊሽማንያ በ1911 ራሱን የቻለ ዘር ነው ብሎ ስም ያወጣለት እርሱ ነው። አየሁት ያለው የመለያ ምልክት ኋላ ሌሎች ያላጸኑለት ስሕተት ነበረ፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ፤ ዘሩም በእውነት የተለየ መሆኑ በሌላ መንገድ ተረጋገጠ። በሳይንስ ታሪክ በስሕተት በር ገብቶ እውነት ላይ የደረሰ ይህ ብቻ አይደለም። ታላቁ ሥራው ግን በሚያዝያ 1912 በቤሎ ኦሪዞንቴ በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ያቀረበው ነው። አንቲሞኒ ጥንት ሰዎች ዓይናቸውን ሲኳሉበት ከኖሩት ማዕድናት የሚገኝ ነው። ከዚህ ማዕድን የተሠራውንና በእንቅልፍ በሽታ ላይ ተሞክሮ የነበረውን አስታዋኪ ጨው በደም ሥር እየሰጠ የሊሽማንያን ቁስል እንዳዳነ አሳወቀ። መድኃኒቱ ያስላል፣ ያስመልሳል፣ ልብን ይጎዳል፤ ቢሆንም እስከዚያ ቀን ድረስ ፊታቸው እየፈረሰ ለሞቱት ሰዎች የመጀመሪያው መዳኛ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሲሲሊና በሕንድ ካላዛርን ለማከም የዋለው ይኸው ነው። ቪያና ግን ያን ለማየት አልታደለም። ሬሳ ሲመረምር በያዘው ነቀርሳ ምክንያት በሰኔ 1914 በ29 ዓመቱ ሞተ። የኖሮኤስቴ ሐዲድ የተጠናቀቀውም በዚያው ዓመት ነው።

የፈንገሱ ታሪክ ከዚህ ይልቅ አዝጋሚ ነው። ስፕሌንዶሬ በ1912 አንድ ስም አወጣለት፤ ፍሎሪያኖ ዴ አልሜይዳ በ1930 ከኮክሲዲዮይድስ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን አረጋግጦ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጠው። በሽታው ግን በሦስቱ ሊቃውንት ስም ሲጠራ፣ «የደቡብ አሜሪካ ብላስቶማይኮሲስ» ሲባል ቆይቶ፣ በአንድ ስም የተስማሙበት በ1971 በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፈንገሱ ራሱ ከአንድ በላይ ዘር መሆኑ ታውቆ፣ አንደኛው በሉትዝ ስም ተሰይሞአል።

ፈንገሱ ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ረጅም ጊዜ ተሳስቶ ሲነገር ኖረ። ቁስሉ አፍ ውስጥ ስለሚታይ መግቢያውም አፍ ነው ተባለ። የብራዚል ገጠሬ ጥርሱን በእንጨት ስንጣሪ ይጐረጕራል፣ ሣርና ቅጠል ያኝካል፤ ስለዚህ ፈንገሱ ከእንጨቱ ወደ ድዱ ይገባል የሚል ማብራሪያ በመጻሕፍት ገብቶ ለትውልድ ተላለፈ። በመፋቂያ ያደግን እኛ ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። የድሃ ልማድ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ተከሳሽ ሆኖ ይጀምራል። በ1956 ሜክሲኳዊው ጎንሳሌስ ኦቾአ መግቢያው ሳንባ ነው ሲል ተከራከረ፤ ከዚያም ወዲህ የተገኘው ማስረጃ ሁሉ ይህንኑ አጸና። አፈር ሲቆፈርና ሲታረስ የሚነሣው የፈንገስ ብናኝ በልጅነት ወይም በወጣትነት በትንፋሽ ይገባል፣ በሳንባና በእጢ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ ሰውዬው ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመት ሲሆነው ይነሣል። አፍ መውጫው እንጂ መግቢያው አልነበረም። ድዱ በጥቃቅን የደም ነጥቦች ይዥጎረጎራል፣ የእንጆሪ መልክ ይይዛል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ታማሚው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥርስ ነቃይ ነው። ጥርሱ ተነቅሎለት ቁስሉ አልሽር ሲል ያን ጊዜ ሐኪም ይፈልጋል። ለዚህ ነው በብራዚል የዚህ በሽታ ታሪክ ከጥርስ ሐኪሞች ታሪክ ተለይቶ የማይጻፈው።

ከፍ ካሉት ወንዶች ጋር ሲነጻጸር የሚታመሙት ሴቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በብዙ ስፍራ አሥር ወንድና ከዚያም በላይ ላንዲት ሴት ይደርሳል። ይህንንም በመጀመሪያ ለሥራ ልዩነት ሰጡት፤ ወንዱ አራሽ፣ ሴቲቱ የቤት ናት ተባለ። ነገር ግን የገጠር ሴት እኩል እንደምትቆፍር ማንም ገበሬ ያውቃል። በልጆች ላይ ደግሞ ወንድና ሴት በእኩል ይታመማሉ። በ1984 ኮሎምቢያዊቷ አንጀላ ሬስትሬፖና ባልደረቦቻቸው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ፈንገሱን በሰው አካል ውስጥ ወደሚኖርበት የእርሾ መልክ እንዳይለወጥ እንደሚያግደው አሳዩ። የአራሽነት ክርክር በዚህ ባይሻርም ቦታውን ለሌላ ምክንያት አካፈለ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ምድር፣ በአንድ የሥራ ዓይነት፣ በአንድ የሰው ወገን ላይ ይኖራሉ። ደን የሚመነጥረው ሰው ሲመሽ በአሸዋ ዝንብ ይነከሳል፤ ሲነጋ የቆፈረውን አፈር ይተነፍሳል። የፈንገሱ ተሸካሚ ሆኖ በ1986 በአማዞን የተገኘው ጋሻ ለባሹ አውሬ አርማዲሎም ሠራተኛው አድኖ የሚበላው ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው አስደናቂ አይደለም፤ የሚያስደንቀው ሲገናኙ ሳይታወቁ መቅረታቸው ነው። ይህም ከመመርመሪያው ጠባይ የመጣ ነው። ፈንገሱ በአፍ ቁስል ውስጥ ብዙ ነው። ከቁስሉ ተፍቆ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ እናቲቱ ክብ በዙሪያዋ ጥቃቅን ልጆች አቈጥቁጣ የመርከብ መሪ መስላ ትታያለች፤ የለመደ ዓይን በደቂቃ ይለያታል። ሊሽማንያ ግን በአፍና በአፍንጫ ቁስል ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ አካሉ ራሱ በብርቱ ስለሚዋጋው ቁስሉ ሰፊ ሆኖ ተሐዋሲው አይገኝም። እንግዲህ መርማሪው ፈንገሱን ሲያገኝ ምክንያቱን አገኘሁ ብሎ መነጽሩን ያነሣል። ሌላው ተሸሽጎ ይቀራል። በ1926 ዡዋዎ ሞንቴኔግሮ ያበጀው የቆዳ መፈተኛ ሊሽማንያን በተዘዋዋሪ ለማወቅ ረድቶአል፤ ነገር ግን ድሮ ታሞ የዳነውንና አሁን የታመመውን አይለይም። በደን አጠገብ በኖረ ሠራተኛ ክንድ ላይ ፈተናው ቢያብጥ ታዲያ ምን ያረጋግጣል? በአንጻሩ ይህን የቆዳ ምልክት ብቻ አይተው ሊሽማንያ ነው ብለው የፈንገሱን ታማሚ በአንቲሞኒ ያከሙ አሉ።

ስሕተቱ የስም ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። አንቲሞኒ ለፈንገስ አይበጅም። በ1940 ዶሚንጎስ ሪቤይሮ ለፈንገሱ የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጎ ያስተዋወቀው የሱልፋ ወገን ደግሞ ለሊሽማንያ አይረዳም። ሁለቱን ይዞ ለአንዱ ብቻ የታከመ ሰው ገሚሱ ይሻለዋል፤ ድዱ ሲሽር አፍንጫው መፍረሱን ይቀጥላል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ደከመ ይላል፤ ታማሚው መድኃኒቱን በደንብ አልወሰደም ተብሎም ይወቀሳል። የሱልፋው ሕክምና ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ የሚወሰድ በመሆኑ ወቀሳው እውነት የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱ በሽታዎች አብረው በአንድ አፍና ጉሮሮ ውስጥ የተገኙባቸው ሰዎች ታሪክ በብራዚል ሐኪሞች ተጽፎ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ይገኛል፤ ቍጥራቸው ጥቂት ነው። ከላይ ያልነውን ስናስብ ግን የተጻፉት ጥቂት የሆኑት የታመሙት ጥቂት ስለሆኑ ነው ብለን ለመቀበል እንቸገራለን።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ መድኃኒት የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስኩዊብ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ ከቬኔዙዌላው ከኦሪኖኮ ወንዝ ዳር ከመጣ አፈር ውስጥ አምፎቴሪሲን ቢ የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ከደቡብ አሜሪካ አፈር የወጣው መድኃኒት በደቡብ አሜሪካ አፈር የሚኖረውን ፈንገስ ለማከም በ1958 በሳን ፓውሎ በላካዝና በሳምፓዮ ተሞከረ፤ ሠራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይም አንቲሞኒ ያላዳነውን የአፍና የአፍንጫ ሊሽማንያ እንደሚያድን ታየ። በደም ሥር በጠብታ እየተሰጠ ብርቱ ትኵሳትና መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ኵላሊትን ይጎዳል። ቢሆንም ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ እንኳ ሁለቱንም የሚመታ መሣሪያ በእጁ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለፈንገሱ ኢትራኮናዞልን የመሳሰሉ ቀለል ያሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች መጥተዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ድምፅ መጨመር አለብን። የሳን ፓውሎው የጥገኛ ተሐዋስያን ሊቅ ሳሙኤል ፔሶዋ ከባልደረባው ከባሬቶ ጋር በ1948 ስለ አሜሪካ ሊሽማንያ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞአል። ፔሶዋ በዘመኑ ሁሉ የተከራከረው የገጠር በሽታ ከመሬት ስሪትና ከድህነት ተለይቶ አይታይም እያለ ነበር። የሐኪሞቹ ስም በተሐዋሲ፣ በፈንገስ፣ በላንቃ ስንጥቅ ላይ ሳይቀር ታትሞ ሲኖር፣ ቁስላቸው የተፋቀው የሐዲድ ሠራተኞች ግን በመጽሔቶቹ ውስጥ «አንድ ሠራተኛ፣ ኢጣልያዊ» «አንድ ዛፍ ቆራጭ» ሆነው ቀሩ።

ከዚህ ታሪክ ወደ አገራችን ስንመለከት ፈንገሱን በኢትዮጵያ አናገኘውም፤ የላቲን አሜሪካ ነዋሪ ነው። ሊሽማንያ ግን የራሳችን አለን። በደጋው በብዙ ስፍራ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል ምክንያት በ1973 በኢትዮጵያ ስም የተሰየመው የሊሽማንያ ዘር ነው፤ ማደሪያው በገደል የሚኖረው ሽኮኮ ነው። በ1969 ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በወሎ ኩታበር ያደረጉት ጥናት የዚህ እውቀት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ይህኛው እንደ ብራዚሉ ከእግር ቁስል ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ አፍንጫን የሚያፈርስ ዓይነት ሳይሆን፣ ፊት ላይ ወጥቶ ወደ ከንፈርና ወደ አፍንጫ ውስጥ የሚሻገር ነው። በመላ ሰውነት ሲሰራጭ ደግሞ የሥጋ ደዌን ይመስላል። በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና በተቋቋመው በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል የቁንጭር ታማሚዎች መታከማቸው የዚህ መመሳሰል ውጤት ነው። በርሊን ላይ ስለ ሞቼ ሸክላ የተነሣው ጥያቄ በኛ አገር በሕያው ሰው ፊት ላይ ሲጠየቅ ኖሮአል ማለት ነው።

የኮካ እርሻውን ደገኛ በልባችሁ አኑሩልን ብለን ነበር። ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ታሪክ ከእርሱ ጋር አንድ ነው። እዚያ የሚጠብቀው የቁስሉ ሳይሆን የውስጡ ሊሽማንያ፣ ካላዛር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት ታማሚው በአንድ ወገን በካላዛር ስፕሊኑ አብጦ፣ በሌላ ወገን ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ምላሱንና ጉሮሮውን በነጭ ሽፋን አልብሶት መዋጥ ተስኖት ይመጣል። ጥገኛ ተሐዋሲና ፈንገስ በአንድ ገላ ላይ ሲገናኙ ማየት ለጎንደር ሐኪሞች የመጽሐፍ ነገር አልነበረም። በጎንደርና በአብድራፊ የተካሄደና በ2019 የታተመ ጥናት፣ አምፎቴሪሲንን በስብ ጠብታ ከተሸፈነ በኋላ ሚልቴፎሲን ከሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር መስጠት ኤች አይ ቪ ላለባቸው የካላዛር ታማሚዎች እንደሚበልጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መከረ። የኦሪኖኮ ዳር አፈር እስከዚህ ድረስ ተጉዞአል።

በውጭ አገር ለምንኖረው ደግሞ የብሬዳ ታማሚዎች ጉዳይ ቅርብ ነው። ሊሽማንያም ሆነ ፓራኮክሲዲዮይድስ ሰው አገሩን ከለቀቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊነሡ ይችላሉ፤ በተለይም ሰውነት በኤች አይ ቪ፣ ወይም ለኵላሊት ንቅለ ተከላና ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሰጡ መድኃኒቶች ሲደክም። በአውሮፓ ከተሞች የላቲን አሜሪካ ተወላጆች የአፋቸው ቁስል ካንሰር ወይም ነቀርሳ ነው ተብሎ ብዙ ወራት እንደባከኑ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቦ እናነባለን። ከኛም መካከል በሐኪም ሙያ የተሰማሩ አሉ፤ ታማሚ ሆነን ከእንግዳ ሐኪም ፊት የምንቀመጥ ደግሞ ሁላችንም ነን። ሐኪሙ የት ተወለድህ ብሎ ይጠይቃል፤ የት ሠራህ፣ በየትኛው ቆላ አደርህ፣ እግርህ ላይ ያለው ጠባሳ የምንድን ነው ብሎ ግን አይጠይቅም። ስፕሌንዶሬ በ1911 በሳን ፓውሎ ታማሚዎቹን አፍ ከማስከፈቱ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነበር ለማለት ሰነድ የለንም። የባውሩን መንገድ የሚያውቅ ሐኪም ግን ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።